በአሥራ አንድ ቤት የሚያለቅስ በር

ጥቅምት 3

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ቤተሰብ ልጁን አስተምሮ፣ አስመርቆ፣ ጥቁር ካባ የለበሰበትን ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ በኋላ፣ ያ ልጅ የተማረው ነገር የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ ለምንድን ነው ሌላ ሰው የሚጠራው? ተመርቆ ይህን ያልጠየቀ ሰው ካለ ስሙን ላክልኝ፤ ሄጄ እጁን እጨብጠዋለሁ።

ከሰላምታ በፊት ጥያቄ ስላስቀደምኩ ይቅርታ። ጤናህ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀህ? እማዬ ደህና ናት፤ ሁለቱንም ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች። እኔም ከንዴቱ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋህብኝ አልተቀየምኩም። ውሸቴን ነው፣ ተቀይሜያለሁ። በእርግጥ የካምፑ ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላህ አሥር የዋሻ ቆፋሪ ተሰልፎ የእኔንና የአንተን ጠብ እንደ ሬዲዮ ድራማ ይሰማል። "ያለሽን በወረቀት ጻፊው፣ የአቅርቦት መኪናው በየሳምንቱ ፖስታ ያመጣል" አልከኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ያለኝ ይህ ነው። ለእማዬ የምትገዛላትን ቤት እኔ ልፈትሸው። አምስት ዓመት ሕንጻ ግንባታ ተምሬያለሁ። የዛሬ ዓመት ተኩል ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ የቤት ፍተሻ ቢሮ ውስጥ ልምምድ ሠርቻለሁ፤ ሰው ቤት ከመግዛቱ በፊት ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ መብራቱን፣ ጣሪያውን አይተን ሪፖርት የምንጽፍበት። አንተ ግን "ገና ልጅ ነሽ፣ ማኅተም የለሽም" ብለህ ሥራውን ለዚያው ለተለማመድኩበት ቢሮ ሰጠኸው። ለጋሽ ውሃልክ!

ይህን ቅጽል ስም ያወጣንላቸው እኛ ተለማማጆቹ ነን። ውሃልካቸው ከእጃቸው አይለይም። ሻይ ቤት ሲገቡ እንኳ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያጋድሙታል፤ አረፋዋ መሀል ላይ ካልቆመች ብርጭቆ አያስቀምጡም። እወዳቸዋለሁ። ያስተማሩኝን እስከዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። ታዲያ እሳቸው ባዩት ላይ እኔ ብጨምርበት ምን ይጎድላል? አራት ዓይን ከሁለት ይበልጣል፤ ለዚህስ ማኅተም አያስፈልግም።

እማዬ በሰጠሃት ውክልና ኅዳር 12 ቀን ልትፈርም ነው። የመጋረጃውን ልክ ሁለት ጊዜ ወስዳለች። መኝታ ቤቷን መርጣለች፤ ከኋላ በኩል ያለውን፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን። አልጋው የት እንደሚሆን ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምራለች።

ለሻጩ አንድ መስመር ጻፍለትና መሰላል ይዤ ልግባ። ሌላ አልጠይቅህም። ስለ ሥራ ፍለጋዬ ግን አንተም አትጠይቀኝ፤ እሱን ሆድ ይፍጀው።

እህትህ


ጥቅምት 11

ይድረስ ለችኩሌ፣

ሳሉ ለቆኛል፤ የዋሻው አቧራ ግን አለ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። የምጽፈውም እጄ በቅባት እንደተነከረ ነው፤ ወረቀቱ ቢቆሽሽ አትፍረጅብኝ።

መልሴ ግን ያው ነው። አይሆንም።

ለምን እንደሆነ ደግሞ ልንገርሽ፤ አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። አባታችን አሁን ያላችሁበትን ቤት ሲገዛ ማን እንዳየለት ታውቂያለሽ? የአክስታችን ባል፣ ግንበኛው። "ወንድሜ፣ ይህ ግድግዳ የልጅ ልጅ ያሳድጋል" አለው። በሁለተኛው ዓመት ከሥር እርጥበት መጠጣት ጀመረ። የእማዬ ደረት እንዲህ የሆነው በዚያ ግድግዳ ነው። ታዲያ አባታችን ምን አለ? ምንም። ዘመድ ነው እኮ፣ ምን ይበለው? በየበዓሉ አብረው ተቀምጠው ሲበሉ ግድግዳውን ላለማየት ሁለቱም ወደ መስኮት ይዞሩ ነበር። ስምንት ዓመት እንደዚያ አየኋቸው። እኔ አንቺን ላለማየት ወደ መስኮት መዞር አልፈልግም። የማላውቀው ሰው ቢሳሳት አንገቱን እይዘዋለሁ። አንቺ ብትሳሳቺ ማንን ልያዝ?

ደግሞም፣ አትቆጪና፣ ከተመረቅሽ አምስት ወርሽ ነው። ሥራ ስላላገኘሽ እጅሽን እንደሚበላሽ አውቃለሁ። የእማዬን ቤት ግን የፈተና ወረቀት አታድርጊው።

የፍተሻው ሪፖርት ደርሶኛል። ግልባጩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። አራት ገጽ ነው፤ በየገጹ ማኅተም አለበት። ሰውዬው እንዴት እንደሚጽፉ ተመልከቺ! ለበሩ እንኳ ነፍስ ሰጥተውታል። ምሳ ሰዓት ላይ ለፈረቃ ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ካቦአችን፣ ጥርሱን አይተን የማናውቀው ሰው፣ ሳቀ። አንድ ቀን አንቺም እንዲህ ትጽፊያለሽ።

አንብቢውና አርፈሽ ተኚ። እማዬን ሳሚልኝ። ስለ ጭቅጭቃችን አንዳች እንዳትነግሪያት፤ ደስታዋን አናደፍርስባት።

ወንድምሽ


ጥቅምት 17

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ፣

ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ልልዎት ወስኛለሁ። ደሜ ሲፈላ ከሰው ትንሽ ራቅ ብዬ መቆም እወዳለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ካቦዎስ? አሁንም ይስቃሉ?

የላኩልኝን ሪፖርት አነበብኩ። ገጽ ሁለት፣ ከላይ አራተኛው መስመር። "የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሕፃን ያለቅሳል፤ ማጠፊያው ዘይት ያስፈልገዋል።" ካቦዎን ያሳቀው ይህ ነው አይደል?

የእኔ ነው።

የጻፍኩት እኔ ነኝ! የዛሬ ዓመት ተኩል፣ በልምምዴ በሦስተኛው ወር፣ ስድስት ቁጥር ለተባለ ቤት። ጋሽ ውሃልክ ሲያነቡት መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁና "ሪፖርት እንዲህ አይጻፍም፤ ግን ተዪው፣ ይኑር" አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስኩት መሬት ሳልረግጥ ነበር። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የእኔ ነው፤ ኮማው፣ "ከሞላ ጎደል" እያልኩ የማበዛው፣ ሁሉም። አራቱም ገጽ። እሳቸው የጨመሩት የቤት ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ብቻ ነው።

ይግባዎት። እማዬ የምትገዛው ቤት ሁለት ቁጥር ነው። ግቢው ውስጥ በአንድ ፕላን የተሠሩ ስድስት ቤቶች አሉ፤ ሦስቱ በዚህ፣ ሦስቱ በዚያ፣ ፊት ለፊት፣ ፕላኑ እንደ መስታወት ተገልብጦ። ስለዚህ በስድስት ቁጥር ግራ የሆነው ሁሉ በሁለት ቁጥር ቀኝ ነው። የእርስዎ ባለ ማኅተም ወረቀት ማድ ቤቱ በግራ ነው ይላል። ትናንት ከእማዬ ጋር ሄድኩ፤ ለሦስተኛ ጊዜ የመጋረጃ ልክ ልትወስድ ስትል ተከተልኳት። ማድ ቤቱ በቀኝ ነው። የሚያለቅሰው በርስ? በር የለም! ሻጩ በሩን ነቅሎ ሰማያዊ የፕላስቲክ መጋረጃ ሰቅሎበታል። መጋረጃው ያለቅሳል ወይ? ገልጬ አዳመጥኩት። ዝም ብሏል።

ቤቱ ውስጥ ማንም አልገባም፤ ይህን ነው የምልዎት። አራት ገጽ ምስክርነት የሰጡት ሰውዬ ደጃፉን አልረገጡም። አንተ ደግሞ፣ አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ፈትታ እጇን የሚበላት ልጅ አድርገኸኝ፣ የገዛ ጽሑፌን "አንድ ቀን እንዲህ ትጽፊያለሽ" ብለህ ላክህልኝ! አንጀቴን ነው ያሳረርከው!

አየህ፣ አንቱታውም አልቆየልኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወደ ኮርኒሱ መውጫ ክዳን አለ። ሻጩን መሰላል ብጠይቀው "ቀለሙን ያስቀባሁት ባለፈው ወር ነው፤ ማኅተም ያለው ወረቀት አላችሁ አይደል እንዴ? ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?" አለኝ። እማዬ ከእሱ ጋር ወግና እኔን ገላመጠችኝ። "ሰው ቤት ገብተሽ ጣሪያ ካልወጣሁ ትያለሽ? ማን አሳደገሽ ይባላል!" ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። እንዳልከው ምንም አልነገርኳትም።

ነገ ጋሽ ውሃልክ ጋ ልሄድ ነበር። ተውኩት። አሁን ብሄድ ከአፌ የሚወጣውን መልሼ መሰብሰብ አልችልም። የአንተን መልስ እጠብቃለሁ፤ በሚቀጥለው መኪና ግን ይድረሰኝ።

እህትህ


ጥቅምት 25

ይድረስ ለእህቴ፣

መጀመሪያ ይቅርታ። ስለ ፈተና ወረቀቱ፣ ስለ እጅ መብላቱም። ደብዳቤሽን ቆሜ አንብቤ ሳልጨርስ ከመሣሪያ ማስቀመጫው ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ካቦው "ምነው፣ ሰው ሞተብህ?" አለኝ። "አልሞተም፤ ሊሞት ይችል የነበረ ሰው አለ" አልኩት።

አሁን እኔም ተናድጃለሁ። ግን እንዳንቺ እጄን አላወራጭም፤ እዚህ ማሽኑ ይበላኛል።

ስለ ሥራችን አጫውቼሽ አላውቅም። ዋሻ ውስጥ ስንገባ ከሁሉ በፊት አንድ ሰው ረጅም ድጅኖ ይዞ ይቀድማል። ከበላያችን ያለውን ድንጋይ እየመታ ይሄዳል። ደህና ድንጋይ ሲመቱት ይጮኻል፣ እንደ ደወል። የለቀቀ ድንጋይ ግን ድምፁ ይታፈናል፤ ዱባ እንደ መምታት ነው። የታፈነውን አውርደን ነው የምናልፈው። ይህን የምናደርገው በየፈረቃው ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ከአንድ ሰዓት በፊት መትተውት ወጥተው ቢሆን፣ "ደህና ነው" ብለው መዝገብ ላይ ፈርመው ቢሆን፣ እኛ ስንገባ እንደገና እንመታዋለን። የፈረሙት ሰዎች ወንድሞቻችን ናቸው፤ አብረን ነው የምንበላው። ግን ማንም በሌላ ሰው ጆሮ ገብቶ አያውቅም። ፊርማ አይተን ብንገባ ካቦው በዚያው ቀን ያባርረናል።

ይህን እያወቅኩ እናቴን ማንም ባልመታው ጣሪያ ሥር ላስተኛት ነበር። አራት ገጽ ወረቀት አይቼ። ካቦው ቢያውቅ ምን እንደሚለኝ ልነግርሽ አልፈልግም። ነግሬዋለሁ፤ ያለኝንም ብጽፈው እማዬ እጅ ሊገባ ይችላል።

ለሻጩ የጻፍኩት ከዚህ ጋር አለ። እህቴ መሰላል ላይ ሳትወጣ ፊርማ የለም ይላል። ስጪው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግን እንዳትቆጪ። ብትቆጪም መልሺልኝ። ሪፖርቱ ገጽ ሦስት ላይ "ከኮርኒስ በላይ ያለው የጣሪያ እንጨት ጤናማ ነው፤ የተቆረጠ ወይም የተሰነጠቀ አልታየም" ይላል። ይህም ያንቺ ጽሑፍ ነው ብለሻል። ያኔ ስድስት ቁጥር ላይ አንቺ ራስሽ ወጥተሽ ነበር?

ወንድምሽ


ኅዳር 1

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

እንዴት ከረምክ? ካቦህ እንዴት ናቸው? እማዬ ደህና ናት፣ ትንሽ ትስላለች፤ አየሩ ነው። መጋረጃውን ሰፍታ ጨርሳለች፤ አረንጓዴ ነው፣ ከታች ነጭ ጥልፍ አለው። ጎረቤታችን ድመቷ ሦስት ወለደች። ሌላ ምን አለ... መጻፊያዬ ቀለሙ እያለቀ ነው።

አልወጣሁም።

ይኸው አልኩህ። ስድስት ቁጥር ላይ የኮርኒሱ ክዳን በቀለም ተጣብቆ ነበር። በመዳፌ ገፋሁት፣ እምቢ አለ። ጋሽ ውሃልክ ከታች ሆነው "ተዪው ልጄ፣ ጻፊው። ስድስቱም አንድ ናቸው፤ አንድ ቁጥር ላይ ወጥቼ አይቻለሁ" አሉኝ። ጻፍኩት። "አልታየም" የሚለውን ቃል የመረጥኩት ደግሞ እንዲያምርልኝ ነው። ማን ነው ያላየው? እኔ ነኝ! ያንን መስመር ጽፌ ስለ በሩ ወደምጽፈው ቸኮልኩ፤ ያቺ አረፍተ ነገር በጠዋት መጥታልኝ አፌ ላይ ሆና ነበር። የማንም ቤት ጣሪያ ከእሷ አይበልጥብኝም ነበር።

ጥያቄህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ በአንተ ላይ ተናደድኩ። ስም የሌለው ስድብ ሰደብኩህ። በሦስተኛው ቀን ስድቡ ሲያልቅብኝ ተነሥቼ ጋሽ ውሃልክ ጋ ሄድኩ።

ቢሮው እንደነበረ ነው። እኔን ሲያዩ ተነሡ፤ ሲነሡ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ነው። ልብ አልኩ፤ ያኔ ለምን እንዳላየሁት እንጃ።

"ልጄ! መጣሽ! ሥራ አገኘሽ?"

ሪፖርቱን ፊታቸው አስቀመጥኩት። "ይህ የማን ጽሑፍ ነው ጋሼ?"

አላፈሩም። ያናደደኝ እሱ ነው፣ ደስ አላቸው! "ያንቺ ነዋ። እንዳንቺ የጻፈልኝ ሰው የለም። በዚያ ፕላን በተሠራ ቤት ሁሉ እሱን ነው የምሰጠው። ከስድስት ቁጥር ጋር አሥራ አንድ ቤት።"

"አሥራ አንድ ቤት በሩ ያለቅሳል?"

"እስካሁን ያማረረ የለም።"

"ጋሼ፣ ሁለት ቁጥር እኮ በር የለውም! መጋረጃ ነው!"

ሪፖርቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ ቀስ ብለው "ፕላኑ አንድ ነው እኮ ልጄ" አሉ።

"ፕላኑ አንድ ቢሆን ሰዎቹ አንድ ናቸው? በየቤቱ መጋዝ ያለው ሰው ይኖራል! ይቆርጣል፣ ይነቅላል፣ ይሰቅላል! ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? 'ቤት የሚሠራው አንዴ አይደለም፣ የሚኖርበት ሰው በየቀኑ ይሠራዋል' ያሉኝ ማን ነው?" ጮህኩ። ኮሪደር ላይ የነበሩት ሰዎች ጩኸቴን ሲሰሙ በሩን ገርበብ አድርገው አዩን።

ጋሽ ውሃልክ መልሰው ተቀመጡ። "ጉልበቴ መሰላል እምቢ ካለኝ ሦስት ዓመቱ ነው" አሉኝ። "ለማንም አልነገርኩም። መሰላል የማይወጣ የቤት ፈታሽ ማን ይቀጥራል?" ያኔ "አንድ ቁጥር ላይ ወጥቼ አይቻለሁ" ያሉኝም ውሸት ነበር ማለት ነው።

ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም፤ ወይም አዝኜ ንዴቱ ከላይ ተኝቶበት ነበር። "ይነሡ፣ እንሂድ" አልኳቸው። ተነሡ።

የአንተን ደብዳቤ ለሻጩ ሰጠሁት። አንብቦ አጉረመረመ፣ መሰላል ግን አመጣ። ጋሽ ውሃልክ ከታች ያዙልኝ፣ እኔ ወጣሁ። ክዳኑ ወዲያው ተከፈተ፤ ለካስ ቀለም አልነካውም። ባትሪዬን አበራሁ።

ከእማዬ መኝታ ቤት በላይ ጥቁር የውሃ ታንከር ተቀምጧል። አምስት መቶ ሊትር ይይዛል፣ ሙሉ ነበር። ታንከሩ አልገባ ስላለ ካፕሪያታውን፣ ማለት የጣሪያውን ሸክም የሚይዘውን ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት፣ የታችኛውን እግሩን በመጋዝ ቆርጠው ጥለውታል። የሁለት ካፕሪያታ እግር። የተቆረጠው ጫፍ በሁለት ምስማር ኮርኒሱ ላይ ተይዟል። ኮርኒሱ ደግሞ ጎብጧል። ድጅኖ አልያዝኩም፤ በጣቴ አንኳኳሁት። የነገርከኝን ዱባ ሰማሁት።

ሥሩን አሰብኩ። አልጋው የት እንደሆነ ታውቃለህ፤ በጠመኔ ተሰምሯል።

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ ውሃልክ ከታች።

"ራስዎ ይውጡና ይዩት" አልኳቸው። ክፉ ነበርኩ፤ አውቄ ነው። ወረድኩና መሰላሉን ያዝኩላቸው። አንድ ወጡ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆመው በሁለት ክንዳቸው መሰላሉን አቀፉ። ውሃልካቸው ከኪሳቸው ወድቆ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሻጩ አንስቶ ሊሰጣቸው ሲል እጃቸውን አልዘረጉም።

እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። የነገርኳቸውን ሁሉ ሰሙ፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ከዚያ ሪፖርቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በቀይ እስክሪብቶ በአራቱም ገጽ፣ በማኅተሙ ላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ "ያልታየ ቤት" ብለው ጻፉበትና ፈረሙ። የአሥራ አንዱንም ቤት አድራሻ በሌላ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። "እኔ ከዛሬ በኋላ..." ብለው ጀመሩና አልጨረሱም።

እማዬ እስካሁን አታውቅም። ልትፈርም አሥራ አንድ ቀን ቀርቷታል፤ ያንን መጋረጃ አጣጥፋ በሽቶ ሳሙና መሀል አስቀምጣዋለች። እኔ ልነግራት አፌን ከፍቼ ሦስቴ ዘጋሁት። ምን ላድርግ?

እህትህ


ኅዳር 13

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

እሑድ በስልክ የጮህከው እስከ ጎረቤት ተሰምቷል። ካምፑ ሁሉ ከኋላህ ተሰልፎ እንደነበር ስልኩ ውስጥ ሰማሁ፤ አንዱ "በላት እንዳትፈርም!" ሲል እማዬም ሰምታዋለች። ስለነገርካት አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ግን አንተ ስላልነበርክ ልጻፍልህ፤ "እንዳለ ጻፊለት" ተብዬአለሁ።

ስልኩን አስቀመጠችና መጋረጃውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ እንዲህ አለች፣ ቃል በቃል፦

"ወር ሙሉ። ወር ሙሉ እሱ ከተራራ፣ አንቺ ከዚህ፣ ስለ ኮርኒሴ ፖስታ ትለዋወጣላችሁ። የምተኛበት ማን ነው? እኔ! ምነው፣ ማንበብ አልችልም? ወይስ ዕቃ ነኝ፣ ዝናብ እንዳይነካኝ የምትሸፍኑኝ? አባታችሁም እንዲህ ነበር። ግድግዳው እየረጠበ 'ምንም አይደል' ይለኝ ነበር። ደረቴን የጎዳው እርጥበቱ ይመስላችኋል? ዝምታው ነው! አንተም አንቺም፣ የእሱ ልጆች ናችሁ።"

አንተም ስላለህበት ድርሻህን ወስደህ አንብበው። እኔ የራሴን ወስጃለሁ።

ትናንት ኅዳር 12 ነበር። አልፈረመችም። ሻጩ ጋ ራሷ ሄደች፤ እኔን ከበር አቁማኝ እሷ ናት ያወራችው። ታንከሩ ይውረድ፣ ሁለቱም እንጨት ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ከዚያ ልጄ ትወጣለች፣ ልጄ ደህና ነው ስትል እፈርማለሁ አለችው። "ልጄ" ስትል በአገጯ አመለከተችኝ። ሻጩ "እሺ፣ ማኅተም ያለው ሰው ይምጣ" ሲላት ምን እንዳለችው ልንገርህ? "ማኅተሙን አይተነዋል፤ አሁን ዓይን እንፈልጋለን።" ቤቱን አልጠላችውም። ስንወጣ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችው።

ከዚያ ወደ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ነበር። "ስድስት ቁጥር የት ነው?" አለችኝ።

ወሰድኳት። ስድስት ቁጥር የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ በእኔ ሪፖርት የገዛችው ቤት ነው። ሳሎኗ ውስጥ ማሽኗ ላይ ነበረች፣ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ያንን መስመር ሳላይ እንደጻፍኩት ነገርኳት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ ማስቀመጫ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። "ልጆቼ እኮ እዚያ ጓዳ ነው የሚተኙት" አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የክዳኑን ጠርዝ በምላጭ ዙሪያውን ቀደድኩት። እማዬ ከሻጩ የተዋስነውን መሰላል ይዛ ነበር፤ "አይወዛወዝም፣ ውጪ" አለችኝ። ወጣሁ። እያንዳንዱን እንጨት መታሁ፤ በዚህ ጊዜ መዶሻ ይዣለሁ። ሁሉም ጮኸ። የተቆረጠ የለም፣ የተሰነጠቀ የለም፣ ምስጥ የለም። የዛሬ ዓመት ተኩል የጻፍኩት ቃል በቃል እውነት ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ደስ ብሏት እማዬን አቀፈቻት። እኔ ግን እዚያው እንጨቱ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራው አፍንጫዬን እየሞላ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። እውነት የጻፍኩት በአጋጣሚ ነበር። አንድ ቤት ላይ እውነት ሆነ፣ ሌላ ቤት ላይ እናቴን ሊገድላት ነበር፤ መስመሩ ግን ያው አንድ መስመር ነው።

ወርጄ መታጠቢያ ቤቷን ከፈትኩት። በሩ አሁንም ያለቅሳል። የስፌት ማሽኗን ዘይት ተቀብዬ ማጠፊያውን ቀባሁት። ዝም አለ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ውሃልክ መጡ። ደጅ ቆመው "ወደ ቀሩት ቤቶች እንሂድ፣ በር የማንኳኳው እኔ ልሁን፤ ማኅተሙ የእኔ ነው" አሉኝ። አሁንም አላቀፍኳቸውም። ግን እሺ አልኳቸው።

ዘጠኝ ቤት ይቀራል። አራቱ እዚያው ግቢ ናቸው፤ አምስቱ ከወንዙ ማዶ ናቸው፣ ፕላናቸው ያው ሆኖ ኮርኒሳቸው ግን ከፍ ያለ ነው፣ የእማዬ ክንድ መሰላሉን እዚያ አይችለውም። አንተ በወሩ መጨረሻ የዕረፍት ተራህ ነው፤ "ካምፕ ተኝቼ አሳልፈዋለሁ" ብለህ ነበር። ድጅኖውን ከካቦህ ተውሰህ ና። ልጆች በሥሩ ይተኛሉና እያንዳንዱን እንጨት በየተራ እንመታዋለን፤ አንድ ጊዜ እኔ፣ አንድ ጊዜ አንተ፣ አንዳችን የሌላውን ጆሮ ሳናምን።

መሰላሉን ትይዝልኛለህ? በመጣው መኪና መልስልኝ፤ "አዎ" ብቻ ብትጽፍ ይበቃኛል።

እህትህ